ሐይቅና ተራራን በአንድ ፎቶ፦ ከወንጪ አፋፍ እስከ ውሃው ዳር

ወንጪ የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል። መኪናው አፋፉ ላይ ይቆማል። ሁሉም ተሯሩጦ ይወርዳል። ከታች ሐይቁ፣ መሐሉ ላይ ደሴቱ፣ ዙሪያውን ተራራው። «ኧረ በስመአብ!» ይባላል። ስልክ ይወጣል፣ አሥር ፎቶ ይነሳል፣ ጉዞ ይቀጥላል። ማታ ቤት ተቀምጠው ሲያዩት ግን ያ ሁሉ ግርማ የለም። ተራራው ጉብታ አክሏል። ሐይቁ ተጥዶ የተረሳ ሰሃን መስሏል።

እኔም ከወንጪ ይዤ የተመለስኳቸው የመጀመሪያ ፎቶዎች እንዲሁ ነበሩ። ጥፋቱ የካሜራው አልነበረም። ዓይናችን የወደደውን ነጥሎ ያያል፣ የቀረውን ይተወዋል። ካሜራ ግን ሁሉንም እኩል ይወስዳል፦ ተራራውንም፣ የመብራት ገመዱንም፣ ባዶውን ሰማይም። የስልክ ዋናው ሌንስ ደግሞ ሰፋ አድርጎ ስለሚያይ ሩቅ ያለውን ነገር ያሳንሰዋል። ስለዚህ ምን ይግባ፣ ምን ይውጣ፣ የቱ ከየቱ አጠገብ ይሁን የሚለውን መወሰን የእኛ ሥራ ነው። ባለሙያዎቹ ኮምፖዚሽን ይሉታል፤ እኔ ቅንብር እለዋለሁ።

ከዚህ በታች ያለውን በስልክም በካሜራም መሥራት ትችላላችሁ። ምሳሌዬን በብዛት ከወንጪ እወስዳለሁ፤ ደጋግሜ የተመላለስኩት እዚያ ስለሆነ።

1. ከመሄዳችሁ በፊት ፀሐይዋን እወቁ

ቅንብር የሚጀምረው ቤት ነው። ካርታ ክፈቱና አንድ ጥያቄ መልሱ፦ እኔ የምቆምበት ዳርቻ ከሐይቁ በየት በኩል ነው? ሐዋሳን ውሰዱ። ሐይቁ ያለው ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው። ስለዚህ ፍቅር ሐይቅ ዳር ስትቆሙ ጠዋት ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሆናለች፤ ማዶ ያሉት ኮረብቶች ብርሃን ይለብሳሉ። ማታ ደግሞ ፀሐይ ፊት ለፊታችሁ ውሃው ላይ ትጠልቃለች፤ ጀልባውም ሰውም ጥቁር ቅርጽ ብቻ ሆኖ ይታያል። ሁለቱም አሪፍ ነው። ግን ሁለት የተለያዩ ፎቶዎች ናቸው፤ የቱን ፈልጋችሁ እንደምትሄዱ ቀድማችሁ ወስኑ።

ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ቦታ አትወጣም። በሰኔ ከምሥራቅ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ ታጋድላለች። በእኛ አገር በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ልዩነት፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ አድማሱን በስንዝር ብትለኩ ሁለት ስንዝር ተኩል ይጠጋል። ትንሽ አይደለም። በጥር ብርሃን ያገኘ ገደል በሰኔ ጥላ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ነገር ጊዜው አጭር መሆኑ ነው። እዚህ ፀሐይ ጋደል ብላ ሳይሆን ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። ወርቃማው ብርሃን ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከሆቴል ከወጣችሁ አምልጧችኋል። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቦታችሁን ይዛችሁ መቆም አለባችሁ። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ያላችሁ ከዚህ የረዘመ ጊዜ ታገኛላችሁ፤ እዚያ ፀሐይ ተንሸራታ ነው የምትወጣው።

ወቅቱንም አስቡበት። እኔ መስከረምንና ጥቅምትን ከሁሉ አስበልጣለሁ። ዝናቡ አየሩን አጥቦታል፣ ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባው ራሱ ፎቶ ነው። ከጥር በኋላ አቧራውና ጭሱ ሩቁን ተራራ ያደበዝዘዋል። ይህም ቢሆን ጥቅም አለው፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

የወንጪ ብርሃን ግን ለብቻው መነገር አለበት። ወንጪ በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። ውሃው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ይበልጣል፤ የተራራው ጫፍ ደግሞ 3,386 ሜትር ይደርሳል። በሌላ አባባል ውሃው ዳር ስትቆሙ ድስት ውስጥ ናችሁ። ፀሐይ ወጥታ እናንተ ጋ ለመድረስ የድስቱን ከንፈር መሻገር አለባት።

ይህን በእጅ መለካት ይቻላል። ክንዳችሁን ወደፊት ዘርጉና እጃችሁን ጨብጡ። የጨበጣችሁት እጅ ስፋት 10 ዲግሪ ገደማ ነው። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ትጓዛለች። ስለዚህ አንድ ቡጢ 40 ደቂቃ ማለት ነው። በስተ ምሥራቅ ያለው ሸንተረር ከውሃው ወለል አንድ ቡጢ ከፍ ካለ፣ ፀሐይ ከወጣች ከ40 ደቂቃ በኋላ ነው ዳርቻው ላይ የምትደርሰው። ያኔ ወርቁ አልቋል።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ጀርባችሁን ለፀሐይ ስጡና በስተ ምዕራብ ያለውን ተራራ ተመልከቱ። እናንተ ገና ጥላ ውስጥ ሳላችሁ እሱ ቀድሞ ብርሃን ያገኛል። ጥላ ውስጥ ያለ ጥቁር ውሃ ደግሞ ብርሃን የነካውን ተራራ ከመስታወት ባላነሰ ያሳያል። በወንጪ የማውቀው ትልቁ ሰዓት ይህ ነው። ሐይቁ ገና ጨለማ፣ ተራራው ወርቅ፣ ነፋስ የለም። አንድ ጀልባ ቀዛፊ የነገረኝን አልረሳውም፦ «ጋሼ፣ ውሃው የሚተኛው እስከ ሁለት ሰዓት ነው። ከዚያ ነፋሱ ይነሳል።» የብሱ ሲሞቅ ነፋስ ይነሳል፣ ነፋስ ሲነሳ ውሃው ይሸበሸባል፣ መስታወቱም ይሰበራል።

2. ስትደርሱ ካሜራውን አታውጡ

ይህ ከባድ ነው፤ እጅ ያሳክካል። ግን አሥር ደቂቃ ብቻ በባዶ እጅ ተራመዱ። ዳርቻውን ሂዱና ተመለሱ። አንዴ ቆማችሁ፣ አንዴ ቁጢጥ ብላችሁ እዩ።

ከዚያ ለራሳችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፦ «ይህ ፎቶ ስለ ምንድን ነው?» መልሱ «ስለ ደሴቱ» ሊሆን ይችላል። «ጉሙ ከውሃው ላይ ሲነሳ» ሊሆን ይችላል። መልሳችሁ «ደሴቱና ተራራው እና ፈረሶቹ እና ያቺ ዛፍ» ከሆነ ግን አራት ፎቶ ነው ያላችሁ። አንዷን ምረጡ። የቀሩትን ተራ በተራ ታነሷቸዋላችሁ።

ከአፋፉ ላይ የሚነሳው የወንጪ ፎቶ በየቦታው አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ አሰልፏታል፤ ምስሏም ብዙ ዞሯል። ያንን ማንሳት ነውር የለውም። አንሱትና ኪሳችሁ ክተቱት። ከዚያ ወደ ታች ውረዱ፤ የእናንተ ፎቶ ያለው እዚያ ነው።

3. ቅርብ ያለ ነገር ፈልጉ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ብትወስዱ ይህችን ውሰዱ። የሐይቅና የተራራ ፎቶ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ነገር ሩቅ ስለሆነ ነው። ተመልካች የሚገባበት በር ያጣል። ከእግራችሁ ሥር ሁለትና ሦስት ሜትር ላይ ያለ አንድ ነገር ያንን በር ይከፍታል። ድንጋይ ሊሆን ይችላል። የታሰረ ጀልባ፣ የእንሰት ቅጠል፣ ከውሃ የወጣ ሣር፣ የፈረስ ኮቴ በጭቃ ላይ የተወው ጉድጓድ።

ጉድጓድ ስል የምሬን ነው። አንድ ጠዋት ወንጪ ዳር የፈረስ ኮቴ የረገጠው ጭቃ ውሃ አቁሮ አገኘሁ። ከትሪ የማይበልጥ ኩሬ ናት። ቆሜ ሳያት ያየሁት ባዶ ሰማይ ነበር። ቁጢጥ ስል ግን ተራራው እንዳለ ገባባት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ውሃ ብርሃንን የሚመልሰው በመጣበት ማዕዘን ልክ ነው። ቆማችሁ ሁለት ሜትር ላይ ያለ ኩሬ ስታዩ ዓይናችሁ በጣም ወደ ታች ነው የሚያየው፤ ኩሬውም በዚያው ልክ ወደ ላይ ያያል። ከራሳችሁ በላይ ያለውን ሰማይ ያሳያችኋል። ካሜራው ወደ 50 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ማዕዘኑ ወደ 15 ዲግሪ ይጠጋል። ተራራውም ያለው እዚያ ከፍታ ላይ ነው። ስለዚህ ሕጉ ይህ ነው፦ ኩሬው ባነሰ ቁጥር እናንተም ዝቅ በሉ። ስልክ ከሆነ ገልብጡት። ሌንሱ ወደ መሬት ሲጠጋ ከውሃው ጋር ሊነካካ ጥቂት ይቀረዋል። ልብስ ይቆሽሻል፤ ሱሪ ቀይሩ እንጂ ፎቶውን አትተዉ።

ግን ያገኙትን ሁሉ ፊት መደርደር ቅንብር አይባልም። ቅርብ ያለው ነገር ዓይንን ወደ ሩቁ መምራት አለበት። ጀልባን እንውሰድ። የጀልባው አፍንጫ ወደ ተራራው ካመለከተ ዓይናችን ተከትሎት ይሄዳል። አፍንጫው ወደ ፎቶው ጠርዝ ካመለከተ ግን ተመልካቹን ይዞት ይወጣል። ጀልባውን ማዞር አያስፈልግም። እናንተ ዙሩ። አምስት እርምጃ ወደ ግራ ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ከዚያ የጀልባውን ጫፍና የማዶውን ዳርቻ ተመልከቱ። ሁለቱ ስክሪኑ ላይ ከተነካኩ ጀልባው ከሩቁ መሬት ጋር ይለጠፋል፤ ጥልቀቱም ይጠፋል። ካሜራውን አንድ ስንዝር ከፍ ስታደርጉ በጫፉና በዳርቻው መካከል ቀጭን የውሃ መስመር ይፈጠራል። ያቺ መስመር ትንሽ ናት፣ ግን ሐይቁ ምን ያህል እንደሚሰፋ የምትናገረው እሷ ናት። ቅድም ዝቅ በሉ ብዬ አሁን ከፍ አድርጉ ማለቴ አይጋጭም። የሚነካኩ ነገሮችን እስክታለያዩ ድረስ ከፍ፣ ቅርቡ ትልቅ ሆኖ እስኪታይ ድረስ ዝቅ። በሁለቱ መካከል እያላችሁ ፈልጉት።

ፎከስን በተመለከተ፦ በስልክ ቅርብ ያለውን ነገር ነካ አድርጉ፤ ሩቁም ብዙውን ጊዜ ይጠራል። በካሜራ አፐርቸሩን፣ ማለትም ሌንሱ ብርሃን የሚያስገባበትን ቀዳዳ፣ 8 ወይም 11 ላይ አድርጉና ከቅርቡ ነገር ትንሽ አለፍ ያለ ቦታ ላይ ፎከስ አድርጉ።

4. የውሃው መስመር የት ይረፍ?

ካሜራችሁ ላይ ፍርግርጉን ክፈቱት። ማንኛውም ስልክ ሴቲንግ ውስጥ አለው። ፎቶውን ወደ ጎንም ወደ ታችም በሦስት የሚከፍሉ መስመሮች ይመጣሉ።

መጀመሪያ የሚጠቅሙት ለቀጥታነት ነው። ሐይቅ ያዘመመ ፎቶ ውስጥ ውሃው የሚፈስ ይመስላል። አንድ ነገር ግን ያታልላል፦ የማዶው ዳርቻ። ዳርቻው ወደ እናንተ እየቀረበ ከመጣ ካሜራው ቀጥ ብሎም የተንጋደደ ይመስላል። ስለዚህ በዳርቻው አትለኩ። ነጸብራቅ ካለ በሱ ለኩ፤ የተራራው ጫፍና የነጸብራቁ ጫፍ ቀጥ ብለው ላይና ታች መሆን አለባቸው።

ቀጥሎ ምርጫው ይመጣል። ሰማዩ ባዶ ሰማያዊ ከሆነ ቀጭን ቁራጭ ብቻ ስጡት፤ ቦታውን ለውሃውና ለቅርቡ ነገር ልቀቁ። ክረምት መግቢያ ላይ ደመናው ተራራውን ሲጫነው ግን ሁለት ሦስተኛውን ለሰማይ ስጡ። መሐል ለመሐል መክፈል አይፈቀድም ሲባል ትሰማላችሁ። አልስማማም። ውሃው መስታወት ሲሆን መሐሉ ትክክለኛ ቦታው ነው፤ ላይና ታች እኩል መሆኑ ራሱ ነው ውበቱ። ያኔ ሁለት ነገር ብቻ ጠብቁ። የነጸብራቁን ጫፍ አትቁረጡት፤ ከሥሩ ትንሽ ውሃ ይትረፍ። ደግሞም እኩልነቱን የሚሰብር አንዲት ነገር ካለች፣ አንዲት ወፍ ወይም አንድ ድንጋይ፣ ወደ አንድ ጎን አስገቧት። ፎቶው ያኔ ይተነፍሳል።

መስመሩ የግድ አግዳሚ መሆን የለበትም። አርባ ምንጭ ላይ ከላይኛው ከተማ አፋፍ ቁልቁል ስታዩ አባያና ጫሞ በመሬት ቁራጭ ተለያይተው ይተኛሉ፤ የእግዜር ድልድይ የሚባለው ሸንተረር ነው የሚለያያቸው። አባያ ደለሉ ስለሚበዛ ቡናማ ነው፣ ጫሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል። እዚያ ፎቶውን የሚይዘው የሁለቱ ቀለም ልዩነት ነው። ሸንተረሩ ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው ሰያፍ እንዲሄድ አድርጋችሁ ቁሙ።

5. ተራራው ለምን አነሰ?

በብዛት የምጠየቀው ይህ ነው። መልሱ፦ ወደ ኋላ ሂዱና ዙም አድርጉ።

ሥራውን በቁጥር ልግለጸው። ከጀልባው 3 ሜትር ላይ ቆማችሁ አንድ ፎቶ አንሱ። አሁን ወደ ኋላ ሂዱና 9 ሜትር ላይ ቁሙ። ጀልባው በፎቶው ላይ እንደ ቅድሙ እስኪተልቅ ድረስ ሦስት እጥፍ ዙም አድርጉ። ጀልባው ያው ነው። ተራራው ግን ሦስት እጥፍ አድጓል። ለምን? እናንተ 6 ሜትር ስትርቁ ለጀልባው ትልቅ ርቀት ነው፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ላለ ተራራ ግን ምንም አይደለም።

ስልካችሁ ላይ 0.5 የምትለው ቁልፍ ተቃራኒውን ትሠራለች። ቅርቡን ታገዝፋለች፣ ተራራውን ታሳንሳለች። ስለዚህ ፎቶው ስለ ኩሬው ከሆነ 0.5ን፣ ስለ ተራራው ከሆነ 2ን ወይም 3ን ተጠቀሙ። አፋፍ ላይ ቆሞ «ሁሉም ይግባ» ብሎ 0.5 መጫን ግን ያንን የመጀመሪያውን ጉብታ ተራራ ይዞ መመለስ ነው።

ቢሾፍቱ ላይ ሞክሩት። ሰማዩ ሲጠራ ዝቋላ ከሩቅ ይታያል። በሰፊው ሌንስ አድማስ ላይ ያለች ትንሽ ብጉር ናት። ዙም አድርጋችሁ ከፊቷ የዛፍ አናት ወይም የጣሪያ መስመር ስታስቀምጡላት ከተማውን የምትጠብቅ ትመስላለች።

የስልክ ዙም ጥራት ይቀንሳል የሚለው እውነት ነው፤ ስልካችሁ የራሱ ሌንስ ከሠራለት የዙም ቁጥር ካለፋችሁ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ አትፍሩት።

6. ጋራ በጋራ ላይ

ወደ አቧራውና ጭሱ እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። ሐይቅ በሌለበት፣ ለምሳሌ በሰሜን ተራሮች፣ የደበዘዘው አየር ራሱ እንደ ውሃ ይሠራል። 3,926 ሜትር ላይ ያለው እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ ስትቆሙ ገደሎቹ አንዱ ከአንዱ ጀርባ ይደረደራሉ። ቅርቡ ጥቁር ነው፣ ቀጣዩ ሰማያዊ፣ የመጨረሻው ከሰማዩ ጋር ሊቀላቀል ምንም አልቀረው። ይህ ድርድር የሚታየው ብርሃኑ ከጎን ወይም ከፊት ሲመጣ ነው። ቀትር ላይ ይጠፋል።

ዙም ተጠቀሙ። ሦስት ወይም አራት ድርብ ምረጡና ሰማዩን ከናካቴው አውጡት። ከታች ጥቁሩ ድርብ መኖሩን አረጋግጡ፤ እሱ ከሌለ ፎቶው የታጠበ ይመስላል። እዚያ ያለው ጅባራ ደግሞ ለልክ ይጠቅማል። አንድ ጅባራ ወይም ሣር የሚግጥ ጭላዳ ቅርብ ላይ ካስቀመጣችሁ ተመልካቹ የገደሉን ጥልቀት ሳይነገረው ይገባዋል። ወደ ጠርዙ ስትሄዱ ግን እግራችሁን እያያችሁ፤ ስክሪን እያዩ ወደ ኋላ መራመድ እዚያ የለም።

7. ሰው ሲገባ

ትንሽ ሰው ትልቅ ተራራ ይሠራል። ጣና ላይ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው የውሃውን ስፋት በአንዴ ያሳያል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። የሚሄድበት አቅጣጫ ላይ ቦታ ስጡት፤ ከኋላው ሳይሆን ከፊቱ ይስፋ። ደግሞም አናቱ ከማዶው ዳርቻ መስመር ጋር አይጋጭ፤ ሙሉ በሙሉ ውሃው ላይ ይረፍ። ለዚህ ከፍ ያለ ቦታ ይሻላል።

ቅርብ ላለ ሰው ግን መጀመሪያ ሰላምታ ነው። «እንዴት አደሩ አባባ፣ አንድ ፎቶ ባነሳ ቅር ይልዎታል?» ማለት ምንም አይወስድም። ወንጪ አካባቢ በኦሮምኛ «አካም» ስትሉ ፊቱ ሁሉ ይበራል። ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ቅጥር ግቢ ገብታችሁ ካሜራ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። እምቢ ካሉ እምቢ ነው። ፎቶ ያነሳችሁትን ሰው ፎቶውን አሳዩት፤ ቁጥር ካለው ላኩለት።

8. ብርሃኑን ማስተካከል

በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ነጸብራቅ ሁልጊዜ ከእውነተኛው ሰማይ ጨለም ይላል፤ ኤዲት ስታደርጉ ከሰማዩ በላይ ብሩህ ካደረጋችሁት ዓይን ውሸት መሆኑን ያውቃል። በስልክ ብሩሁን ቦታ ተጭናችሁ ያዙ፣ ከቆለፈ በኋላ ጣታችሁን ወደ ታች ሳቡና ትንሽ አጨልሙት። የተቃጠለ ደመና አይመለስም፤ የጨለመ ጥላ ግን ይመለሳል።

ፖላራይዘር ፊልተር (ሌንስ ላይ የሚገጠም፣ የሚዞር መስታወት) ያላችሁ ተጠንቀቁ። ስታዞሩት ከውሃው ላይ ያለውን ብልጭታ ያነሳል፣ ሥር ያለውን ድንጋይ ያሳያል። ያው ፊልተር ነጸብራቁንም ያጠፋዋል። እኔ አንድ ሙሉ ጠዋት አንስቼ፣ ቤት ስመለስ ተራራው ውሃው ውስጥ ደብዝዞ ያገኘሁት በዚህ ነው። ነጸብራቅ ፈልጋችሁ ከሆነ ወይ አውልቁት፣ ወይ ነጸብራቁ እስኪደምቅ ድረስ እያያችሁ አዙሩት።

9. ከመጫናችሁ በፊት አራቱን ጥግ ዙሩ

ዓይናችሁን ከመሐል አንሱና ጠርዙን ዙሩ። በግራ በኩል የተቆረጠ ቅርንጫፍ አለ? ከታች የሃይላንድ ላስቲክ አለ? ካለ አንሱትና ኪሳችሁ ክተቱት፤ ለፎቶውም ለሐይቁም ይጠቅማል። የመብራት ገመድ ሰማዩን ሰንጥቆታል? ግማሽ እርምጃ ከዛፍ ጀርባ ይደብቀዋል። ሦስት ሰከንድ የምትወስድ ሥራ ናት፤ ኤዲት ላይ ግማሽ ሰዓት ታተርፋለች።

ከዚያ አንሱ። ስልኩን አቁማችሁም አንሱት። ተራራ፣ ነጸብራቅና ኩሬ ላይና ታች ሲደረደሩ የቆመ ፎቶ ከተኛው ይሻላል።

ካነሳችሁ በኋላ አትሂዱ። ማታ ከሆነ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ቢያንስ 20 ደቂቃ ቆዩ። ሰው ሁሉ መኪናው ውስጥ ሲገባ ነው ሰማዩ ሐምራዊ የሚሆነው፤ ውሃው ያንን ቀለም ይጠጣዋል። ያኔ ብርሃኑ ስለሚያንስ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ያስፈልጋል። ከሌላችሁ ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፉና በሦስት ሰከንድ ታይመር አንሱ።

10. ቤት ስትመለሱ

በዚያው ቀን አትምረጡ። ድካሙና ደስታው ገና አብሯችሁ ነው፤ ብርዱን ስለምታስታውሱ ብቻ ደካማውን ፎቶ ትወዱታላችሁ። ሁለት ሦስት ቀን አሳድሩት።

ከዚያ ጋለሪያችሁ ውስጥ ፎቶዎቹን አውራ ጣት እስኪያክሉ አሳንሷቸው። በዚያ መጠን ቅርጹ የሚነበበው ጥሩ ቅንብር አለው። ምን እንደሆነ የማይለየው ደግሞ ቢተልቅም አይረዳውም። ሌላው መንገድ ፎቶውን ገልብጦ ማየት ነው። ተራራ መሆኑን ትረሱና ክብደቱ ወዴት እንዳጋደለ ብቻ ታያላችሁ።

ሁለት ፎቶ አስቀሩ። መጀመሪያ አግዳሚውን አቅኑ፣ ከዚያ ጠርዙን ቁረጡ፣ ቀለሙን በመጨረሻ። ዋናውን ፋይል ሳትነኩት ኮፒ ላይ ሥሩ። ለጓደኛ በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨምቀዋል፤ ያቺ በጀልባውና በዳርቻው መካከል ያስቀራችኋት ቀጭን የውሃ መስመር መጀመሪያ ትጠፋለች።